አገር ስጠኝ

ሰባት ደቂቃ። ትናንት ጠዋት የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት ሞልቼ ለመጨረስ የፈጀብኝ ይኸው ነው፤ ቡናዬ እንኳን አልበረደም። "ጎበዝ" እንዳትሉኝ፣ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ስሙ። ወደ ጎን አንድ፦ "የጋና ዋና ከተማ"፣ ባለ 3 ፊደል። ወደ ጎን አራት፦ "የፈረንሳይ ዋና ከተማ"፣ እሱም ባለ 3። ወደ ታች ሁለት፦ "ከማክሰኞ በፊት ያለ ቀን"፣ ባለ 2። ማክሰኞ ማለት እኮ የሰኞ ማግስት ማለት ነው! መልሱ ጥያቄው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይስቅብናል።

ልጆች ሳለን ማታ ማታ "እንቆቅልሽ!" ሲባል "ምን አውቅልህ!" እንል ነበር። መልሱ የጠፋበት "በል አገር ስጠኝ" ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፣ ጠያቂው ደስ እስኪለው ድረስ። ከተማ የሚሰጠው ተሸናፊ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጋዜጣው አክራን ስጠኝ፣ ፓሪስን ስጠኝ ይለኛል፤ ስሰጠው ደግሞ "ፈታህ" ይለኛል። ለእኔ ግን የተሸነፍኩ ነው የሚመስለኝ።

"ቀላል ቢሆን ምናለበት? ሰው ታክሲ ተሰልፎ የሚሞላውን ነገር ደግሞ ፈተና ልታደርግበት ነው?" የምትሉኝ አላችሁ። እውነት አላችሁ፣ ጠቤ ከቀላልነቱ አይደለም። አርተር ዊን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ይህን ጨዋታ "ኒው ዮርክ ወርልድ" በተባለው ጋዜጣ ሲጀምረው ለእሑድ መዝናኛ ገጽ ብሎ ነው። የ"ኒው ዮርክ ታይምስ"ም የሰኞው ቀላል ነው፣ እስከ ቅዳሜ እየከበደ ይሄዳል። ግን ቀላል ማለት የትም ይውደቅ ማለት አይደለም።

የእኛ አዘጋጆች ሥራ ከባድ መሆኑንም አልክድም። እንግሊዝኛው የሚያገጣጥመው 26 ፊደል ነው። እኛ ዘንድ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሁለት ቃላት አንድ ሳጥን ላይ እንዲገናኙ ካዕቡ ከካዕብ፣ ሣልሱ ከሣልስ መግጠም አለበት። ስለዚህ ጥቁሩ ሳጥን ቢበዛ አልቆጣም። የምቆጣው በሌላ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ አሉ፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ጉልምስናቸውን መዝገብ ቤት የጨረሱ። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም ተሞልቷል፣ አንዲት ሳጥን ብቻ ባዶ ናት። ወደ ጎን "ዘውድ የጫነ" ይላል፣ ንጉሥ ነው። የንጉሥ መጨረሻ ላይ ወደ ታች "መጠሪያ" ይጀምራል፣ ስም ነው።

"መምህር" አሉኝ፣ "ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጽፌ ዘውዱን አላወልቅበትም። ስምንም በንጉሡ ሠ አልጽፍም። ትቅር።"

በማግስቱ መልሱ ወጣ። "ንጉስ" በእሳቱ ተጽፏል። እዚያው ገጽ ላይ ደግሞ "ሠላም" በንጉሡ! ፊደሉ ስሙን ያገኘበትን ቃል ተነጥቆ የማያውቀው ቤት ገብቷል።

እኔ በሞክሼ ፊደላት ሰይፍ የምመዝ ሰው አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በዚህ ምክንያት ነጥብ ቀንሼ አላውቅም፤ አንዱን መርጠህ ጽና ብቻ ነበር የምለው። የግዕዙ ሐዲስ ነው፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን "ዐዲስ" ብለውታል፣ ከተማችን ደግሞ በአልፋው አ "አዲስ" ትባላለች። ሦስቱም ሰው አላቸው። መስቀለኛ ቃላት ግን አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል ነው የሚያስገባውና አዘጋጁ መወሰን አለበት። ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ይበቃ ነበር፦ "በዚህ ጨዋታ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ።" ያቺ መስመር ብትኖር የጎረቤቴ ሳጥን ባዶ አታድርም ነበር። ይኼን ያህል አንድ አንባቢን ማክበር ያቅታል?

ሁለተኛው ክሴ ከዚህ ይብሳል። አክራን ለማወቅ አማርኛ አያስፈልግም! ጥያቄዎቹ የሚፈትኑት ጂኦግራፊ ነው፣ ያውም የአምስተኛ ክፍሉን። እንግሊዞች በላዩ ሌላ፣ በውስጡ ሌላ የሚል ጥያቄ አውጥተው ይራቀቁበታል። ጎበዝ፣ ይኼ እኮ ሰምና ወርቅ ነው! ኅብረ ቃል ያለው ሕዝብ፣ አንዱን ቃል አላልቶና አጥብቆ ሁለት የሚያደርግ ቋንቋ ይዞ፣ ጋዜጣው "ከማክሰኞ በፊት" ይለዋል።

"ማውራት ቀላል ነው፣ አንተስ?" እንዳትሉኝ አንዲት ሞከርኩ። ለጎረቤቴ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፦ "ውኃ ውስጥ ነበር፤ ሲጠብቅ አለቃ ሆነ"፣ ባለ 2 ፊደል።

ምንም ሳይሉ ሄዱ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። "ዋና!" አሉኝ፣ ከደህና አደርክ በፊት። "ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ሌሊት ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆኖ ማንን እንደሚጠብቅ ሳስብ ነበር!" ሳቃቸው ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ከዚያ ጋዜጣቸውን አውጥተው "ይኼን ለምን እነሱ አይጠይቁኝም?" አሉ።

እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። አዘጋጁ በየቀኑ "ዋና ከተማ፣ ዋና ከተማ" እያለ ሲጽፍ እንቆቅልሹ ከእጁ ላይ ነበር፤ ቃሉን ዘሎ ከተማውን ጠየቀን። እንግዲህ ወንድሜ አዘጋጁ፣ አክራንም ፓሪስንም ሰጥቼሃለሁ። አሁን አማርኛውን ጠይቀኝ።