መሪጌታውን «ልዩ ልዩ ወጪ» ያደረጋቸው ማን ነው?



ስለ በጀት እንጽፋለን ብንል ብዙዎቻችሁ ገጹን ሳታነቡ እንደምታልፉት እናውቃለን። በጀት የሒሳብ ሹም ሥራ እንጂ የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ጉዳይ አይደለም ተብሎ በመካከላችን ተለምዷልና። እኛ ግን ይህ ልማድ ስንፍና ብቻ ሳይሆን በደልም ነው እንላለን። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ በደሉን የሠራነው እኛው ራሳችን ነን።

ባለፈው ዓመት ጥቂት ሆነን በሰሜን ሸዋ ባንድ ደብር የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ አንሥተን ለመመዝገብ፣ ከውጭ አገር እርዳታ ሰጪ ገንዘብ የምንጠይቅበት ማመልከቻ አዘጋጀን። መግለጫው ያማረ ነበር። «የአገር ቅርስ»፣ «የሊቃውንት ዕውቀት» የሚል ቃል ያልገባበት አንቀጽ አልነበረም። በጀቱን ግን በመጨረሻዋ ሌሊት እየተቻኮልን ጻፍነው። ለካሜራ አንድ መስመር፤ ለኮምፒዩተርና ለማስቀመጫ ዲስክ አንድ መስመር፤ ለመኪና ኪራይና ለነዳጅ፤ ለእኛ ለራሳችን የውሎ አበል፤ ለአማካሪው የአውሮፕላን ቲኬት። ግእዙን አንብበው የመጽሐፉን ማንነት የሚነግሩን መሪጌታ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘው ከጧት እስከ ማታ አጠገባችን የሚውሉት ቄሰ ገበዝ የት ገቡ? ከታች፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ውስጥ፣ ከባትሪና ከፎቶ ኮፒ ጋር።

አንድ መምህራችን ወረቀቱን አይተው፣ «በመግለጫችሁ ሊቅ ያላችኋቸውን ሰው በበጀታችሁ ከባትሪ ጋር ደመራችኋቸው» ቢሉን አፈርን። ማመልከቻውም ተቀባይነት አላገኘም። እኛን የሚቆጨን ግን ገንዘቡ መቅረቱ ሳይሆን፣ ተፈቅዶልን ቢሆን ኖሮ ያንኑ በደል በተግባር እንፈጽመው እንደ ነበር ማወቃችን ነው። መግለጫ አሳማሪ ቃል ይችላል፤ በጀት ግን ማንን እንደ ሰው፣ ማንን እንደ ዕቃ እንደምንቈጥር ያጋልጣል።

እስቲ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ስለ ተነሣ ብቻ አይታወቅም። ባንድ ጥራዝ ውስጥ ሁለትና ሦስት ድርሰት ተጠርዞ ይገኛል። የተጻፈበትም ዘመን ብዙ ጊዜ በግልጽ አልተመለከተም፤ በጸሎቱ መካከል ከተጠቀሰው የንጉሥና የጳጳስ ስም፣ ከፊደሉም ቅርጽ ተመርምሮ ይደረስበታል እንጂ። ይህን የሚያደርገው ካሜራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ምስክራችን ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ አገር በሚነሶታ የሚገኘው የኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው 9,000 ያህል መጻሕፍት በፊልም አስነሡ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሂዩማኒቲስ ድርጅትም በገንዘብ ረዳ። ዳሩ ግን ያ ሁሉ ፊልም ለተመራማሪ የተከፈተው እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት ዓመታት ፈጅተው መጽሐፍ በመጽሐፍ እየመረመሩ ካታሎግ ስላዘጋጁለት ነው። ጌታቸውም እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። አንባቢ ባይኖር ፊልሙ በቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ጥቅል ሆኖ በቀረ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሰጪው ለእንዲህ ያለው አይከፍልም» ይሉናል። መመሪያውን አንብባችኋልን? ብዙዎቹ ሰጪዎች «የአማካሪ ክፍያ» የሚል መስመር አላቸው። ታዲያ በእኛ አእምሮ አማካሪ ማለት ባውሮፕላን የሚመጣ ብቻ መሆኑን ማን አስተማረን? ለመሥሪያ ቤት ድርሻ ሲሆን ሕጉን ጠንቅቀን እናውቃለን። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ፣ የተስማማበት የራሱ መጠን የሌለው ተቋም ቀጥተኛ ላልሆነ ወጪ እስከ 15 ከመቶ ሊጠይቅ እንደሚችል የሚነግረን አይጠፋም። የመሪጌታው የቀን ዋጋ ስንት ነው ብትሉን ግን ሁላችንም ዝም እንላለን።

ሌሎች ደግሞ «እሳቸው የሚያስተምሩት ለጽድቅ ነው፤ ገንዘብ ያበላሻቸዋል» ይላሉ። ለቆሎ ተማሪ በነጻ ማስተማራቸው እውነት ነው። እኛ ግን አኩፋዳ ይዘን አልመጣንም፤ የውሎ አበል ይዘን መጣን እንጂ! የእኛን ሆድ ያላበላሸ አበል የእሳቸውን ነፍስ ያበላሻል ማለት ግብዝነት ነው። የሚከፈለውም ከእርሻቸውና ከጉባኤያቸው ለተወሰደው ቀንና ለዕውቀታቸው ነው። ብራናውን ለመግዛት የሚሞክር ቢኖር እርሱ ቅርስ ሻጭና ለዋጭ ነውና ከእኛ ጋር ኅብረት የለውም።

«ደረሰኝ የላቸውም፤ ኦዲተር አይቀበልም» የሚልም አለ። ስም፣ የሥራ ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብና ፊርማ ያለበት የክፍያ ሰነድ ከሁለት እማኞች ጋር ማዘጋጀት ይቻላል። በበጀቱ ማብራሪያ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ሰጪው ከተስማማበት ኋላ የሚያከራክር ነገር የለም።

የምንዛሪውንም ነገር አንርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጎዳው ማን ነው? በዶላር የተተመነው ካሜራ አልተነካም፤ ባለ ቲኬቱም አልተነካም። ዋጋው በብር ተቆርጦ የተጻፈለት ያገር ሰው ግን ኑሮው ሲወደድ ክፍያው ባለበት ቀረ። እንደዚሁም የአሜሪካው የሂዩማኒቲስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ብዙ እርዳታዎችን በመካከል ሲያቋርጥ አይተናል። ገንዘብ በድንገት ሲቆም «ሥራው ሲያልቅ ይከፈልዎታል» የተባሉት ሰው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

1ኛ፤ በጀት ከመግለጫው በፊት፣ ከደብሩ ሰዎችም ጋር ተመካክሮ ይዘጋጅ።

2ኛ፤ የመሪጌታውና የቄሰ ገበዙ ሥራ በየራሱ መስመር፣ በቀን ቁጥርና በቀን ዋጋ ተባዝቶ ይጻፍ። 30 ቀን ከሠሩ 30 ቀን ይባል።

3ኛ፤ የተሰላበት ምንዛሪና ቀኑ ይመልከት፤ በብር የሚከፈለውም ምንዛሪው ሲለወጥ እንዲሻሻል ቃል ይገባ።

4ኛ፤ ክፍያው በየሳምንቱ እንጂ በሥራው ፍጻሜ አይሁን።

5ኛ፤ የፎቶግራፉ አንድ ቅጂና ማንበቢያው በደብሩ እንዲቀር ገንዘብ ይያዝ፤ በካታሎጉም ላይ የአንባቢው ስም ይጻፍ።

መምህራኖቻችንም ማመልከቻችንን ሲያርሙ የመግለጫውን ሰዋስው ከማቃናታቸው በፊት የመጨረሻውን ገጽ ይግለጡልን።

በዚህ ዓመት ማመልከቻችንን እንደ ገና እንጽፋለን። በቅድሚያም ወደ ደብሩ ሄደን መሪጌታውን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የቀን ዋጋቸውንም ከእሳቸው አፍ እንሰማለን። የሚቃወመን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ነገር ግን የራሱን በጀት አያይዞ ይምጣ።