የተሸነፈው ቡድን ያበራው መብራት

የዛሬው የስፖርት ዓምዳችን የሚያወሳው በግጥሚያው ተሸንፎ ሳለ ለስፖርት ዓለም ትልቅ ቅርስ ስለተወ አንድ ቡድን ነው። ቡድኑ የዝነኛ ከተማ ቡድን አልነበረም። ኢንዲፔንደንስ የምትባለው ከተማ በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ በቨርዲግሪስ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የሕዝቧ ቁጥር ከ13 ሺህ አይበልጥም ነበር።

የቡድኑ ጨዋታ ቤዝቦል ነው። የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ዱላውና ኳሱ እንግዳ አይሆኑበትም። ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በየተራ ይጋጠማሉ፤ አንዱ ወገን ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ መትቶ አራቱን ማረፊያዎች ሮጦ ለመዞር ይጥራል። ዙሩን የፈጸመ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷ ትንሽና እጅግ ፈጣን በመሆኗ ጨዋታው ደህና ብርሃን ይሻል። በዚህም ምክንያት ለብዙ ዘመን የሚካሄደው በቀን ነበር።

አካባቢው የነዳጅ ዘይት የሚወጣበት ስለነበር ቡድኑ «ፕሮዲዩሰርስ»፣ ማለትም «አምራቾቹ»፣ ተብሎ ይጠራ ነበር። የሚወዳደረውም ከታላላቆቹ ሊጎች በታች በሆነው በዌስተርን አሶሲዬሽን ውስጥ ነው። በጥቅምት 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ የኑሮው ችግር እየበረታ ሲሄድ፣ በትኬት ገቢ የሚተዳደሩ ትንንሽ ቡድኖች ሕልውናቸው አደጋ ላይ ወደቀ። ጨዋታው በቀን፣ ሠራተኛውም በቀን በሥራው ላይ ነው። እንግዲህ ተመልካቹ ከየት ይምጣ?

የኢንዲፔንደንስ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት በሜዳቸው ዙሪያ የመብራት ምሰሶ በመትከል ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1930፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከመስኮጊ ቡድን ጋር በማታ ተጋጠሙ። በተደራጁት ሊጎች ታሪክ በቋሚ መብራት የተደረገ የመጀመሪያው መደበኛ ግጥሚያ ሆኖ የሚቆጠረው ይኸው ነው። ባለሜዳዎቹ 13 ለ 3 ተሸነፉ።

ዝናውም ቢሆን አልቀናቸውም። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሜይ 2፣ በአዮዋ ግዛት ትልቋ ከተማ በዲ ሞይን የማታ ጨዋታ ተደረገ። ብዙ ሕዝብ ታደመ፤ በራዲዮም ለአገሩ ሁሉ ተሰማ። ስለዚህ ብዙ ሰው ጀማሪዋ ዲ ሞይን ናት ብሎ አመነ። ታላላቆቹ ሊጎች ግን አምስት ዓመት ዘገዩ። የመጀመሪያ የማታ ጨዋታቸው በሲንሲናቲ የተደረገው ሜይ 24 ቀን 1935 ሲሆን፣ መብራቱን ከዋሽንግተን ሆነው ያስጀመሩት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ነበሩ።

ነገር ግን ያ መብራት ለሁሉም እኩል አልበራም። በዚያ ዘመን ጥቁሮች ከእነዚህ ሊጎች ተገልለው ነበር። የጥቁሮች ቡድን የነበረው ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ በዚያው በ1930 በጭነት መኪና የሚጓጓዝ መብራትና ጄኔሬተር ይዞ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ በማታ ይጫወት ጀመር። በ1947 በታላቁ ሊግ የቀለምን አጥር የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ከዚሁ ቡድን ውስጥ ያለፈ ተጫዋች ነው።

ትንሿ ኢንዲፔንደንስም ከጨዋታው አልተለየችም። በኋላ ዝናው የገነነው ሚኪ ማንትል በ17 ዓመቱ የሙያ ሕይወቱን የጀመረው በ1949 በዚያች ከተማ ቡድን ውስጥ ነው።

እነዚያ አምራቾች ከሽንፈታቸው ይልቅ የሚታወሱበት ምክንያት ቀላል ነው። ተመልካቹ ለምን ቀረ ብለው ከመውቀስ ይልቅ፣ ሠርቶ የሚያድር ሰው በስንት ሰዓት ነፃ ይሆናል ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በየጦር ሠፈሩ የስፖርት ውድድር ለምናዘጋጅም ሁሉ የተገባ ነው። ከዘብ የወረደው ወታደር፣ የቤቷን ሥራ የጨረሰችው ባለቤቱና ከትምህርት ቤት የተመለሱት ልጆቹ አብረው ሊቀመጡ የሚችሉበት ሰዓት የትኛው ነው? የውድድሩ መርሐ ግብር ከመለጠፉ በፊት ይህ ቢታሰብበት፣ በሜዳችን ዙሪያ ባዶ የሚቀረው ወንበር ያንሳል።