የምጣድ ተራ

ማክሰኞ ዕለት በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ሆዴን ያቃጥለኛል። አሥር አዳዲስ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ቆመዋል። የወንበሮቻቸው ላስቲክ ገና አልተላጠም። መስታወታቸው ላይ የተኛው አቧራ ከመወፈሩ የተነሳ የሰፈር ልጅ ይሁን የሠራተኛ ልጅ በጣቱ ስሙን ጽፎበታል። ከአጥሩ ጥግ ቻርጀሩ የሚተከልበት የኮንክሪት መሠረት አለ። ከኮንክሪቱ ብቅ ያሉት አራት ብሎኖች እንዳይዝጉ በፌስታል ተጠቅልለዋል፤ ፌስታሉም በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ብሎኖቹ ዝገዋል።

"ትራንስፎርመር እየተጠበቀ ነው፣ ጋሼ" አለኝ የጥበቃ ሠራተኛው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ በፊት ጀምሮ።"

ፋሲካ ካለፈ ስምንት ወሩ ነው። ወደ ግቢው የጠራኝ የስምሪት ኃላፊው የቆየ ወዳጄ ነው። እሱን ያንገበገበው የሚኒባሶቹ መቆም ብቻ አይደለም። አዲሶቹ እንደገቡ አሮጌዎቹ የናፍጣ ሰርቪሶች በጨረታ ተሸጠዋል። ስለዚህ ሠራተኛው አሮጌውም አዲሱም የለውም፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጀሞ እና አያት የታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። "ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የኛ ላም እኮ ግቢያችን ውስጥ ናት፣ ወተቷን ነው ያላየነው" አለኝ ወዳጄ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች በኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ አቋሜን ያውቃሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ደግፌ ጽፌያለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ነዳጁን በዶላር እንገዛዋለን፣ መብራቱን ግን ከራሳችን ወንዝ እናመነጨዋለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚህ በኋላ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቦቴ እያሰለፍን ብንኖር ታሪክ ይታዘበናል። "መብራት የሚጠፋበት አገር ኤሌክትሪክ መኪና ምን ያደርግለታል?" የሚሉኝ ሰዎች ነዳጅ ያለቀበት ማደያ ፊት ለፊት አድረው ያውቁ እንደሆነ ልጠይቃቸውና ልለፍ።

የሚያናድደኝ ሌላው ወገን ነው፤ "መኪናው ይምጣ እንጂ ቻርጀሩ ይደርሳል" የሚለው። ይህ ወገን የኔ የዓመታት ባላጋራ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ቀኑን አስታውሰዋለሁ፣ ከደስታዬ ብዛት ያለ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሳፍሬ ተመልሻለሁ። ከዓመታት በኋላ ግን መለዋወጫ ጠፍቶ ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ የሚሮጡበት ጊዜ መጣ። ያኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ ዕቃውን እንገዛለን፣ ዕቃው የሚኖርበትን ነገር ግን አንገዛም። ድርቆሽ ሳይከምር በሬ የሚገዛ ገበሬ አላውቅም። ገበሬ የማይሠራውን ስህተት የተማርነው ሰዎች ደብዳቤ ቁጥር ሰጥተን፣ ማኅተም መትተን እንሠራዋለን።

ወደ ግቢው ልመለስ። ወዳጄ ቢሮ ገብተን የግዢውን ሰነድ ዘረጋልኝ። ዕቅዱ አራት ፈጣን ቻርጀሮች ይላል፣ እያንዳንዳቸው 120 ኪሎ ዋት። ድምሩ 480 ኪሎ ዋት ነው። ይህን የሚሸከም መስመር ግቢው ስለሌለው የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ለትራንስፎርመሩ ማመልከቻ የገባው መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ መኪኖቹ ከመጡ በኋላ ነው። መኪኖቹ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ብሎ የጠየቀ ነበር ወይ? ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስምሪት ሲያወጣ የኖረውን ሰው አንድም ቀን ስብሰባ ላይ አልጠሩትም።

እሱ ግን መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። ጠዋት ያመጣሉ፣ ማታ ያደርሳሉ፣ በመሃል አንዳንድ ሥራ አለ፤ አንዱ መኪና በቀን ከ90 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሚኒባስ በኪሎ ሜትር 0.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢበላ፣ በቀን የሚፈልገው ከ30 ኪሎ ዋት ሰዓት አይዘልም። ባትሪው በየቀኑ ከባዶ አይሞላም፤ የሚተካው የሄደበት ብቻ ነው። መኪኖቹ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ቆመው ነው የሚያድሩት። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! የሚያድር መኪና ፈጣን ቻርጀር ምን ያደርግለታል?

ይህን ስናሰላ የድሮ አከራያችን እማማ ትዝ አሉኝ።

ጉለሌ ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነበር የምንኖረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ እየገባ በነበረበት ዘመን ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሴቶች አንድ ላይ ከጣዱ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ግቢው ይጨልማል፣ ሊጡ ሳይጋገር ይቀራል። ጠብ ሆነ። አንዳንዶቹ ተከራዮች ለየራሳችን ቆጣሪ ይግባ ብለው አመለከቱ፤ ቆጣሪው ሳይመጣ ሁለት ዓመት አለፈ። እማማ ግን ቆጣሪ አልጠበቁም። በኩሽናው በር ላይ በጠመኔ ተራ ጻፉ። ማክሰኞ ጠዋት የኛ፣ ማክሰኞ ከሰዓት የጎረቤታችን፣ ሐሙስ የነርሷ። ለቅሶ ወይም ድግስ የገጠመው ሰው አስቀድሞ ተናግሮ ተራ ይለዋወጣል። ከዚያ በኋላ ፊውዝ ተቃጥሎ አላስታውስም። አምስቱም ቤት እንጀራ በላ።

እማማ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ዛሬ በሌላ አገር መሐንዲሶች በኮምፒዩተር የሚሠሩትን የኃይል ማከፋፈል ሥራ እሳቸው በጠመኔ ሠርተውታል። ሼንዘን የተባለችው የቻይና ከተማ በእነሱ አቆጣጠር በ2017 መጨረሻ ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ስትቀይር፣ ከመኪናው ይልቅ ያስቸገራት የቻርጀር መትከያ ቦታ ማግኘት ነበር። የረዳት አንዱ ነገር አውቶቡሶቹ በዋናነት ሌሊት፣ የመብራት ታሪፉ ሲረክስና የከተማው ጭነት ሲቀል መሙላታቸው ነው። ከእማማ የኩሽና በር የሚለየው በብዛቱ ብቻ ነው።

ወዳጄ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰደኝ። ከመኪኖቹ ጋር አብረው የመጡ ትናንሽ ቻርጀሮች እንደታሸጉ በካርቶን ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው 7 ኪሎ ዋት ናቸው፤ ሁለት ምጣድ ማለት ነው። ካርቶኑን የከፈተ የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠብቀው ትልቁን ነበር። የግቢው ጋራዥ ለኮምፕረሰርና ለብየዳ ማሽን የገባለት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር አለው፤ ማታ ማሽኖቹ ሲጠፉ መስመሩም ሥራ ፈትቶ ያድራል። አምስት ትናንሽ ቻርጀር፣ 35 ኪሎ ዋት፣ አሥር ምጣድ። እኩለ ሌሊት ላይ አምስቱ ተነቅለው ሌሎቹ አምስት ቢሰኩ፣ አሥሩም መኪና የቀኑን ጉዞ የሚችል ኃይል ይዞ ያነጋል።

ይህን አንብቦ ሰው ዛሬውኑ ኤክስቴንሽን ገመድ በመስኮት እንዲስብ አይደለም የምጽፈው። በዚህ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። የገመዱን ውፍረት፣ ብሬከሩን፣ የመሬት መስመሩን የሚያይ ባለሙያ የግድ ነው። የትራንስፎርመሩም ማመልከቻ ይቀጥል፤ መኪኖቹ ነገ ሃያ ሲሆኑ ያስፈልጋል። ግን የሚጠበቅ ነገር እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሥራ አይደለም። ቆሞ የሚከርም መኪና ደግሞ እንደ ቆመ አይቆይም። ባትሪው ባዶውን ለወራት ከተተወ ይጎዳል፤ ጎማው አንድ ቦታ ተጭኖ ይበላሻል። ይህ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ነገ ሚኒባስም ሆነ አውቶቡስ ለመግዛት ጨረታ የምታወጡ ሰዎች ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። የመብራት ማመልከቻውን ከመኪናው ትዕዛዝ በፊት አስገቡ። ውሉ ላይ ርክክቡን በዙር አድርጉት፤ ሁለተኛው ዙር የሚገባው ለመጀመሪያው መብራት ሲበራለት ይሁን። አሮጌውን ናፍጣ አዲሱ መንገድ ላይ ወጥቶ አንድ ወር ሳይሠራ አትሽጡት። ከሁሉ በፊት ግን የስምሪት ሰዎቻችሁንና ሹፌሮቻችሁን ጥሩ። መኪና የት እንደሚያድር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሐሙስ ማታ ወዳጄ ደወለልኝ። ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን ፈትሾ ለጊዜው ሁለት ቻርጀር ብቻ ፈቅዷል፤ ለቀሩት ብሬከር ይገዛል። ሁለት መኪና ተሰክቶ ነበር፣ ሌሊት ደግሞ ሌላ ሁለት ይሰካል። "ዝርዝሩን ጋራዥ በር ላይ ለጥፌዋለሁ" አለኝ። "ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ 3 ቁጥር ይነቀልና 7 ቁጥር ይሰካል። የማታው ጥበቃ ራሱ ነው የሚቀይረው፣ አሳይቼዋለሁ።"

አራት መኪና ነው፣ ስድስቱ ገና ቆመዋል። ሰኞ ጠዋት ግን አራቱ ወደ ጀሞ ይወጣሉ፤ እኔም ያን ሰልፍ ለማየት በ12 ሰዓት እዚያ እገኛለሁ።