እናታችሁ ቦሌ ብቻቸውን ሲገቡ

ልጅቷ አሜሪካ ልትወልድ ተቃርባለች፤ እናት ደግሞ ሊያርሷት ከወረታ ሊነሡ ነው። ቪዛው ተገኝቷል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። እናት ግን ከባሕር ዳር አልፈው አያውቁም፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋም አይሰሙም። በየአጥቢያችን እንዲህ ያሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ታዲያ ዝግጅቱ ሁሉ በርበሬና ሽሮ ላይ ያልቃል።

እስቲ በቅድሚያ ቲኬቱን አብራችሁ አንብቡት። «ማክሰኞ 02፡15» የሚል ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ በረራው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡15 ነው፤ እናት ቦሌ መገኘት ያለባቸው ሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣ ተሸክሞ የሄደ ቤተሰብ አውሮፕላኑን አያገኘውም። ከባሕር ዳር የሚያመጣቸውንም በረራ ከዋናው ጋር በአንድ ቲኬት ግዙት። ያኔ የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የማስተካከሉ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ሻንጣው እስከ የት እንደተላከም እዚያው ባሕር ዳር ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ሸኚ ወደ ሕንፃው አለመግባቱ ነው። ከበሩ ወዲያ እናት ብቻቸውን ናቸው፤ ጫማ አውልቁ፣ ነጠላውን አንሡ ይባላሉ። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የተሠራ ነው፤ ቤቱ ሰፊ፣ መንገዱም ረጅም ነው።

«ተሽከርካሪ ወንበር እዘዙላቸው፣ ሠራተኛው እየገፋ ያደርሳቸዋል» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ጉልበታቸው የማይችል ከሆነ ያለ ሐፍረት ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ አገልግሎቱ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ጉልበተኛ እናትን ግን «እንደ አንካሳ ሁኚ» ብሎ ማሠልጠን ለእኔ ደስ አይልም። በስተርጅና ለምን እናዋሻቸዋለን? ቲኬት ቢሮው ሄዳችሁ «የመጀመሪያ ጉዟቸው ነው፣ ቋንቋ አይችሉም፣ ምን እርዳታ አላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ስማቸውን፣ የበረራ ቁጥሩንና የልጃቸውን ስልክ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስይዟቸው።

የፎገራ ላም ቅቤ መቼም አይቀርም። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ቅቤና ማር በእጅ ሻንጣ አያልፍም። የሚሄዱት አውሮፓ ከሆነ ደግሞ ቅቤም ሥጋም ጨርሶ አይገባም። አሜሪካ ሲደርሱ ምግብ ይዘዋል ወይ ተብለው ከተጠየቁ «አዎን» ይበሉ፤ መደበቁ ቅጣት ያመጣል። ሩዙን ግን ተዉት፤ ልጅቷ እዚያው ትገዛለች።

አባትንስ ማን አሰበ? ሚስታቸው እስከ ስድስት ወር ሊቆዩ ነው። ክረምት ከሆነ የሩዙ አረም ይጠብቃቸዋል፤ ወጡን ማን ይሠራል? ላሟን ማን ያልባል? እናንተ ልጆች በሻንጣው ክብደት ስትከራከሩ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ለብቻቸው የሚነጋገሩበት አንዲት ምሽት እንኳ አልተዋችሁላቸውም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሻንጣ ይጎተታል፣ ሰዓት ደረሰ ይባላል፣ አባት ከሰው ኋላ ይቀራሉ። ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው እንግዳውን ሰብሰብ አድርጉና ቤቱን ለሁለቱ ልቀቁላቸው። የገንዘቡን ነገር፣ የላሟን ነገር፣ አንዳቸው ቢታመሙ የሚደረገውን በራሳቸው አፍ ይነጋገሩ።

ደግሞም ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ ከ15 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ፣ ስልኩ ዝም የሚለውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ለአባት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በዚያች ሌሊት ከእናንተ አንዱ ወረታ፣ እሳቸው ዘንድ ይደር።