የተዘለለውን ቁርስ የሚከፍለው ማነው?

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ወር ሲደርስ ቤት ኪራይ መቀነስ አትችልም፤ ትራንስፖርትም እንደዚያው። የሚቀነሰው ቁርስ ነው። ኢኮኖሚክስ ስንማር ይሄን «ወጪ ማስተካከል» እንለው ነበር። ሰውነት ግን ሒሳቡን የሚይዘው በራሱ መዝገብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን የሚመነጨው ከስብ ነው። ለአንጎል «ስንቅ አለ» ብሎ ይነግራል፣ በሽታ ተከላካይ ህዋሳትም ይሰሙታል። ምግብ ሲጓደል ሌፕቲን ይወርዳል፤ ቲ ሴሎችም ይዳከማሉ። ውፍረት ፈርታ ራሷን የምታስርብ ልጅ ላይም ያው ነው። ሰውነት «ለምን አልበላሽም?» ብሎ አይጠይቅማ!

ስብ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ተከላካይ ህዋሳት እዚያው ይከማቻሉ፤ የሚለቁት መልእክት ኢንሱሊንን ያደናቅፋል፣ ስኳር በሽታም ሊከተል ይችላል። (ቲክቶክ ላይ ይሄ ሁሉ «ይሄን ሻይ ጠጪና ክሺ» ሆኗል።)

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ15–49 ዓመት ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ከልክ በላይ ወፍራም ነበሩ።

የፋብሪካ ምሳ እንደ ችሮታ ሲወራ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ቦርዱ ሲቀመጥ ባንግላዴሽ ስንት እንደምትከፍል ሳይሆን ሽሮና እንቁላል ስንት እንደገባ ጠይቆ ይጀምር።