ሻፍት ቆቦ ቢመጣ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን «ሻፍት ኢን አፍሪካ»ን አየን። ሳቅን። እንዴት አንስቅ? ኢትዮጵያ ውስጥ የሌለ ጎሳ ፈጥረው፣ አሚር ሾመውበት፣ የኒውዮርኩን የግል መርማሪ ዱላ አስይዘው በረሃ ለቀቁት። ዱላው ውስጥ ደግሞ ካሜራ አለ! ጓደኞቼ «የማይረባ ፊልም» ብለው ፈረዱ። እኔ ግን የቆቦ ልጅ ነኝና መሃል ላይ ሳቄ ቀረ።

ላላያችሁት፦ ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 1973፣ በእኛ 1965 ዓ.ም. ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን፣ መርማሪው ሪቻርድ ራውንድትሪ። ከፊሉ እዚሁ አገራችን ተቀርጿል፤ የእኛው ደበበ እሸቱም ተውኖበታል። አማፊ የሚባል ነጋዴ አፍሪካውያን ወጣቶችን «ፓሪስ ሥራ አለ» እያለ ያስኮበልልና እንደ ባሪያ ይነግድባቸዋል። ሻፍት ከወጣቶቹ እንደ አንዱ ሆኖ መንገዱን እየተከተለ አማፊ ድረስ ይዘልቃል።

እስቲ «ፓሪስ»ን አውጡና «ሳዑዲ»ን አስገቡ። ቆቦን አገኛችሁ ማለት ነው። ከራያ ቆላ የማሽላ ማሳ የተነሳ ልጅ በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ይሻገራል። እዚያ ይታገትና እናቱ ስልክ ይደወልላታል። በሬው ይሸጣል። ከአጋች ያመለጠውን ደግሞ ድንበር ላይ ጥይት ይጠብቀዋል፤ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. አጋልጧል።

«ፈረንጅ ስለ እኛ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። እውነት አላችሁ። ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ1965 ራያና ቆቦን ጨምሮ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። የሆሊውድ ካሜራ አገራችን ገብቶ የፈጠራ ወንጀል ሲያሳድድ እውነተኛው መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ ያንን ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ጥቅምት 1966 ነው። ታዲያ ሆሊውድን አላየህም ብለን ስንከስ እኛስ ምን አየን?

እኔ ያየኋቸው የስደት ፊልሞቻችን ልቅሶ ይወዳሉ። ልጅቷ ትሄዳለች፣ ትሰቃያለች፣ ትመለሳለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ ክራር ይመታል። ደላላው? አንድ ትዕይንት ላይ በጥቁር መነጽር ብቅ ብሎ ይጠፋል። ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ? ማን ዝም አለ? የሚጠይቅ የለም። ፊልሙ ሲያልቅ ጥፋተኛ ሆና የምትገኘው የልጅቷ ምኞት ናት። ተራ የሚባለው የመርማሪ ፊልም ግን ቢያንስ አንድ ጥያቄ አይረሳም፤ ማን አተረፈ?

ታሪክ ጠፍቶ እንዳትሉኝ። ሊቢያ ውስጥ ስደተኞችን አግቶ ቤዛ ያስከፍል የነበረው ኪዳኔ ዘካርያስ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘ። የለየው መርማሪ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያየው የቀድሞ ሰለባው ነው። በ2013 ደግሞ ሰውየው ከፍርድ ቤት አመለጠ! ከዚያ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ እንደገና የተያዘው ሱዳን ውስጥ በ2015 ነው። አዳኝ የሆነ ሰለባ፣ የተከፈተ በር፣ ድንበር ተሻጋሪ አሳዳጅ። ይህን የሚያህል ታሪክ ደጃችን ላይ ተቀምጦ እኛ ስለ ሠርግ ግርግር ኮሜዲ እንቀርፃለን።

ጓደኞቼ ያልተመለሱልኝ አንድ ጥያቄ አለ። የሻፍትን ዱላ ሳቅንበት፤ እሺ። በዚያ ዱላ ውስጥ ያለውን ካሜራ ይዞ ከቆቦ መነኻሪያ እስከ ኦቦክ፣ ከኦቦክ እስከ ገንዘብ ቆጣሪው ቤት የሚሄድ የእኛ ፊልም የታለ? እስኪመጣ ድረስ ያን የማይረባ ፊልም ደግሜ አየዋለሁ። የሚስቅ ይሳቅ፤ የአማፊን ቤት ግን እሱ ያውቀዋል፣ እኛ አናውቀውም።