ያልዳነውን ልጅ አታሰልፉት

ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። እነሱ የታዘዙትን ይፈጽማሉ። የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው፤ ትናንት ማሊያ ለብሳችሁ ለተጫወታችሁ፣ ላሠለጠናችሁ፣ ቡድን ለመራችሁ፣ ዛሬ ደግሞ በክለብ ቦርድም ሆነ በደጋፊ ማኅበር ቃላችሁ ለሚከበር። ዕድሜዬን የፈጀሁት በወጌሻነት የተጫዋች እግር ስይዝ ነው። ያየሁትን ይዤ ዝም ብል ነገ የሚጠየቀው የእኔ ነፍስ ነው።

የውድድር ዘመኑ ሲጋመስ በየክለቡ የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ አንድ ቋሚ ተሰላፊ ይጎዳል። ሁሉም ያዝናል እንጂ ማንም አይደነግጥም። ሦስተኛውና አራተኛው ሲከተሉ ግን ስልክ መጮህ ይጀምራል። ለአሠልጣኙ ይደወላል፣ ለወጌሻው ይደወላል፣ በመጨረሻም ለራሱ ለልጁ ይደወላል። «ለእሁድ ትደርሳለህ አይደል?» ይባላል። ደዋዮቹ ወጣቶች አይደሉም፤ የእኛ ዘመን ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ስሙኝ። ጉዳት ከኳስ ጋር የመጣ ዕዳ ነው፤ ማንም አያመልጠውም። ዓመቱን የሚያበላሽብን ግን ከጉዳቱ በኋላ በድንጋጤ የምንወስነው ነው።

ሊቨርፑልን አስታውሱ። በ99 ነጥብ ዋንጫ ባነሳ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2020፣ ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት የቨርጂል ቫን ዳይክ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ወር ሳይሞላ ጆ ጎሜዝ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር ልምምድ ላይ ሳለ ጉልበቱን ተጎዳ። ጃንዋሪ ሲያልቅ ጆኤል ማቲፕ ቁርጭምጭሚቱን ተመታ። ሦስት የመሃል ተከላካዮች፤ ሦስቱም ዓመቱ እስኪያልቅ አልተመለሱም።

ብዙዎቻችሁ ታሪኩን እዚህ ላይ ትቋጩታላችሁ፤ «ቫን ዳይክ ተጎዳ፣ ሊቨርፑልም አለቀለት» ብላችሁ። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ቫን ዳይክ ከተጎዳ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ገና፣ የሊጉ መሪ ራሱ ሊቨርፑል ነበር። የከፋው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ተከላካይ ሲጠፋ ፋቢንሆን ቀድመው ከመሃል ሜዳ አውርደውት ነበር። ሲብስ ደግሞ አምበሉን ሄንደርሰንን አስከተሉ። የኋላው ሞላ፣ መሃሉ ባዶ ቀረ። ዓለም የፈራቸው ሦስቱ አጥቂዎች ኳስ የሚያደርስላቸው አጡ። ትንሽ ቆይቶ ፋቢንሆም ጡንቻውን ተጎዳ። ሄንደርሰንም ፌብሩዋሪ 20 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ብሽሽቱን ይዞ ወጣ፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ዳግም አልተሰለፈም። አንድ የጎደለ ቦታ ለመሙላት ሁለት ቦታ አጎደሉ ማለት ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በሊጉ 68 ጨዋታ በሜዳው ሳይሸነፍ የቆየ ቡድን ጃንዋሪ 21 ቀን 2021 በበርንሌይ 1ለ0 ተረታ፤ እስከ ማርች 7 ድረስ ደግሞ በአንፊልድ ስድስት ተከታታይ የሊግ ጨዋታ ተሸነፈ። በክለቡ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ መሆኑም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ እሱን አልክድም።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አሠልጣኙ ክሎፕ ፋቢንሆን ወደ ቦታው መለሰው። ከኋላ የቆሙት እነማን ነበሩ? ናት ፊሊፕስ፣ ክለቡ ሊሸጠው አስቦት የነበረ ልጅ። ከቱርክ ተነስቶ በጀርመን በኩል በውሰት የመጣው ካባክ። ሪስ ዊሊያምስ፣ በቀደመው ዓመት በስድስተኛው እርከን ለኪደርሚንስተር ሃሪየርስ በውሰት ይጫወት የነበረ የ20 ዓመት ወጣት። ከቫን ዳይክ ጋር የሚወዳደር አንድም የለም። ነገር ግን ጤነኞች ነበሩ፣ ተከላካዮችም ነበሩ። ሊቨርፑል የመጨረሻዎቹን 10 የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ 8ቱን አሸንፎ በ2ቱ አቻ ወጣ። ግብ ጠባቂው አሊሰን በዌስት ብሮም ላይ በባከነ ሰዓት በግንባሩ ያስቆጠራት ጎልም እዚያ ውስጥ ናት። በ69 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ሻምፒዮንስ ሊግ ገባ። ከዋንጫ ወደ ሦስተኛ መውረድ ያሳዝናል። ፌብሩዋሪ ላይ ሲያዩት ለነበሩት ግን ተአምር ነበር።

እዚህ ላይ «አንድ ሰው ብቻ ሲጎድልስ ቡድን አይፈርስም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይፈርሳል። ማንቸስተር ሲቲ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወስዶ፣ ሮድሪ ሴፕቴምበር 2024 ከአርሰናል ጋር ሲጫወት የጉልበት ጅማቱ ሲበጠስ፣ በ71 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ያም ሆኖ ልጁ የተመለሰው ስምንት ወር ቆይቶ፣ ሊጉ ሊዘጋ ሲል ነው። ቡድኑ በሽንፈት ላይ ሽንፈት ሲከምር እንኳ ሮድሪን ገና በሚያነክስበት እግሩ ሜዳ አላስገቡትም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ያልዳነ ተጫዋች ሲገባ ራሱን ብቻ ይጎዳል ብላችሁ ታስባላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 አትሌቲኮ ማድሪድ የስፔንን ሊግ ባሸነፈበት የመጨረሻ ጨዋታ አጥቂው ዲዬጎ ኮስታ የታፋውን የኋላ ጡንቻ ተጎዳ። ከሪያል ማድሪድ ጋር በሊዝበን የሚደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ቤልግሬድ ድረስ ወስደው ከፈረስ እንግዴ ልጅ በተቀመመ ነገር አሳሹት። (እኛ ወጌሾች ስንቱን ስም ተሰጥተናል፤ የፈረስ እንግዴ ልጅ ግን ይዘን አልተገኘንም።) ሊዝበን ላይ ተሰለፈ። በ9ኛው ደቂቃ ወጣ።

በዚያን ጊዜ የሚፈቀደው ቅያሪ ሦስት ብቻ ነው። አንዱ በ9ኛው ደቂቃ ተቃጠለ። አትሌቲኮ በጎዲን ጎል መርቶ፣ ሰርጂዮ ራሞስ በ93ኛው ደቂቃ አቻ አድርጎበት ወደ ጭማሪ 30 ደቂቃ ሲገባ ሦስቱም ቅያሪ አልቋል። የቀኝ ተከላካዩ ሁዋንፍራን እግሩ ተኮማትሮ ያነክስ ነበር፤ የሚተካው የለም። ዲ ማሪያ በዚያው በእሱ በኩል አልፎ ገባ፣ ግብ ጠባቂው የመለሳትን ኳስ ጋሬዝ ቤል በግንባሩ አስቆጠረ። 4ለ1 አለቀ። ክለቡ በታሪኩ አይቶት የማያውቀው ዋንጫ የጠፋው በ110ኛው ደቂቃ ይመስላል። እኔ ግን ቡድን መሪው አሰላለፉን ለዳኛው ሲያስረክብ ነው የጠፋው እላለሁ። ቁስለኛ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የሚያጣው በሬውን ብቻ ነው ያለው ማነው? እርሻውም አብሮ ጦም ያድራል።

በጥናት የተያዘውንም ልንገራችሁ። ስዊድናዊው ሐኪም ያን ኤክስትራንድ ለአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ሲመዘግብ ኖሯል። 25 ተጫዋች ያለው ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ወደ 50 ገደማ ጉዳት ይገጥመዋል፤ ከእነዚህ 8 ወይም 9ኙ ከአራት ሳምንት በላይ የሚያስቀምጡ ናቸው። የታፋው የኋላ ጡንቻ፣ ልጆቹ ሃምስትሪንግ የሚሉት፣ መጀመሪያ ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ 24 በመቶ ደርሷል። በአንድ ቦታ ላይ የሚደገም ጉዳት ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያስቀምጣል። የዚያው ጥናት ባልደረቦች 24 ክለቦችን ለ11 የውድድር ዘመን ተከታትለው፣ ጉዳት የቀለለላቸው ክለቦች በሊጉ ከፍ ብለው እንደሚጨርሱ አሳይተዋል። የጉልበት ጅማት ለተበጠሰበት ሰው ዘጠኝ ወር ሳይሞላ መመለስ ዳግም መበጠስን መጋበዝ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሐኪሙም ማሽኑም በሞላበት በአውሮፓ ነው።

የእኛው ምን ይመስላል? ፕሪሚየር ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄዱ የመንገዱን ድካም ቀንሷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሜዳ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ይሸከማል። ሣሩ ይነቀላል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ጨዋታው በጥቂት ቀናት ልዩነት ይደራረባል። ልጁ የተጎዳው ኤምአርአይ በሌለበት ከተማ ከሆነ በእጅ ዳሰሳና በግምት ይታከማል። እጄን አምነዋለሁ፤ ጅማት ግማሹ ይበጠስ ሙሉው ይበጠስ ግን እጅ ሁልጊዜ አይለየውም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን መርፌው ነው። ማደንዘዣ ሕመሙን ይወስዳል እንጂ ቁስሉን አይወስድም። ሕመም ልጁን «ቁም» የሚለው ብቸኛ ድምፅ ነው፤ እሱን አፍኖ ዘጠና ደቂቃ ማስሮጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጅማት አካባቢ ደጋግሞ የሚወጋው ስቴሮይድም ጅማቱን እያሳሳው ይሄዳል። በሠላሳ ዓመታቸው ደረጃ መውጣት ያቃታቸውን ልጆች እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ በመንገድ ስታገኟቸው ሰላም ብላችሁ ታልፋላችሁ።

«እኛ በዘመናችን» የሚለውን ንግግር ደግሞ አውቀዋለሁ። ቤከንባወርን ትጠቅሱልኛላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ከጣሊያን ጋር ትከሻው ወልቆ፣ ክንዱን ከደረቱ ጋር አስሮ ተጫወተ። ጀግና ነው፣ አልነሳውም። ግን ለምን ተጫወተ? ጀርመን ሁለቱንም ቅያሪዋን ጨርሳ ስለነበር ነው። በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሰው ቢኖር የማንም ጀግንነት አያስፈልግም ነበር። ጀርመንም 4ለ3 ተሸነፈች። ዛሬ አምስት ቅያሪ ተፈቅዶልናል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ልጆች ለምን ደመወዝ ይከፈላቸዋል?

አሁን የምለው ለጆሮ ይከብዳል። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉናል። ጋሼ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም፤ አስተዳደጋቸው ነው። ደውላችሁ «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ደህና ነኝ ጋሼ» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ደመወዙ ሁለት ወር ዘግይቷል፣ ውሉ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ቤተሰቡ እሱን ነው የሚጠብቀው። «አልዳንኩም» ያለ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈርመው እንደሚያጣ ያውቃል። እናንተ «ራሱ ነው ደህና ነኝ ያለው» ትላላችሁ። ያንን ቃል ከአፉ ያወጣው አክብሮቱና ፍርሃቱ ነው። ጉልበቱ ሌላ ነገር ሲናገር ግን የሚሰማው ወጌሻው ብቻ ነው፤ ወጌሻው ደግሞ ስብሰባ ላይ አይጠራም።

ይህ ልማድ ካልቆመ የሚሆነውን በግልጽ ልናገር። በመጀመሪያው ዙር ለዋንጫ የሚፎካከረው ቡድን በሁለተኛው ዙር ወራጅ ቀጠናን ሲያይ ታያላችሁ። አሠልጣኙ ይባረራል። አዲሱ አሠልጣኝ ራሱን ለማሳየት ያልዳኑትን ይመልሳል፤ እነሱ ደግመው ይጎዳሉ። ከታዳጊ ቡድኑ የመጡት ልጆች፣ ቀስ ብለው ቢገቡ ኖሮ ሚያዝያ ላይ የሚደርሱት፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ይጫናቸውና እነሱም ይቀመጣሉ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ «ዕድል አልነበረንም» ይባላል።

ስለዚህ ስለ ዋንጫው ሳይሆን ስለ ደረጃው አስቡ። ሦስት ቋሚ ተሰላፊ የጎደለበት ቡድን ለጥቂት ሳምንት አቻን እንደ ድል ቆጥሮ፣ ሁሉን በየቦታው አቁሞ፣ በጤነኞቹ ይጫወት። አሠልጣኙ አቻ ሲወጣ አትዝለፉት። ደጋፊውን የምታረጋጉት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ከጮኻችሁ እሱ ድንጋይ ይወረውራል። ልጅ ይግባ አይግባ የሚለውን የመጨረሻ ቃል ሐኪሙና ወጌሻው ይያዙት፤ አሠልጣኙም ቢሆን ከዚያ በላይ አይሂድ። የተጎዳ ልጅ ደመወዙ ሳይቆረጥ በወቅቱ ይከፈለው፤ ያን ጊዜ እውነቱን ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ዙር ሳይጀመር ቦርዶቹ መሰብሰባቸው አይቀርም። አጀንዳው ላይ አንድ ነጥብ አስገቡልኝ፦ በጨዋታ ዋዜማ ወደ ተጎዳ ተጫዋች ማንም የቦርድ አባል፣ ማንም የደጋፊ ማኅበር ኃላፊ፣ ማንም አንጋፋ እንዳይደውል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረምበት። ማን ቀድሞ እንደሚፈርም አያለሁ።